የአባቴ ማባዣ

እውቀት እንደ ሻንጣ ነው ልበል? ኤርፖርት ካልደረሰ ማንም አንስቶ አይመዝነውም። «ከሁለተኛ ክፍል የተባረርሽው ሴትዮ፣ ስለ እውቀት ምን አገባሽ?» የምትሉ ታገሱኝ፤ የተባረርኩበትን ነው የማወራው።

የወንድሜ ልጅ ሣራ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትማራለች። ትምህርት ቤቷ እያንዳንዱ ልጅ ወገኖቹ ለሒሳብ ያበረከቱትን ቅዳሜ ወላጆች ፊት እንዲያሳይ አዘዘ። ለእሷ የደረሳት ወረቀት «የኢትዮጵያውያን ማባዣ» ይላል። «አንቲ፣ ምንም አልገባኝም፤ ሊስቁብኝ ነው» ብላ አለቀሰች።

ወረቀቱን ባየሁት ጊዜ «በስመ አብ!» ብዬ ስጮህ ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። አባቴ ባቄላ እየደረደረ ያስተማረኝ ስሌት ነዋ! አሥራ ሦስትን በአሥራ ሁለት ለማባዛት አሥራ ሦስትን ማጋመስ፤ ስድስት፣ ሦስት፣ አንድ፤ ፍርፋሪውን መጣል። በጎኑ አሥራ ሁለትን እጥፍ እያደረጉ መሄድ፤ ሃያ አራት፣ አርባ ስምንት፣ ዘጠና ስድስት። ስድስት ጎዶሎ ቁጥር ስላልሆነ ከጎኑ ያለውን ሃያ አራት ሰርዞ የቀሩትን መደመር። መቶ ሃምሳ ስድስት! አለቀ!

ይህንኑ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ብሠራ መምህሬ ምን አሉኝ? «ይሄ የባላገር ቁጥር ነው! የማባዣ ሰንጠረዡን ሳትሸመድጂ እንዳትመለሺ!» እጄን በማስመሪያ አቅልተው ሰደዱኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለስኩም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አይደል የሚባለው?

ቅዳሜ ደረሰ። አንድ የህንድ አባት ዜሮን ይዘው ቀረቡ። ባዶ ይዞ መጥቶ የተጨበጨበለት ሰው ገና ያኔ አየሁ! ቀጥሎ ሣራና እኔ ባቄላችንን ዘረገፍን። ሣራ ሳትደናቀፍ ጨረሰች፤ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። አስተማሪዋ አቅፋኝ «ይህ ቅርስ ነው» አለችና ወረቀታችንን ክፍሏ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እኔማ እልልታዬን ባቀልጠው ሴኪውሪቲው ሮጦ መጣ።

በሳምንቱ ፈተና ሆነ። ሣራዬ ኮርታ ሁሉንም በአያቷ ማባዣ ሠራችው፤ አንድም መልስ አልሳተችም። ወረቀቱ ሲመለስ ግን ግማሹ ማርክ ተቆርጧል! ያቺው ያቀፈችኝ አስተማሪ በቀይ እስክሪብቶ «መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ክፍል በተማርነው መንገድ ሥሪው» ብላ ጽፋለች።

 እኔ እኮ መምህሬ አገር ቤት የቀሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ቪዛቸው ከእኔ ቀድሞ ነው የወጣው!