ከወንዝ ማዶ የቀረች ማሳ

ከሩቅ አገር ሰው ጠብ የበለጠ የሚጥም ነገር የለም። የጎረቤት ጠብ መዘዝ አለው፤ ምስክር ሁን ያስብላል፣ ሽማግሌ ሁን ያስብላል፣ ኋላም ከሁለቱ አንዱ ለቅሶ እንዳይደርስህ ያደርጋል። የሩቁ ግን ንጹሕ ነው። ስማቸው እንኳ አፍ ላይ የማይቀና ሁለት አገሮች ስለ አንድ ባሕር ይጣላሉ፤ እናንተ እግራችሁን አጣጥፋችሁ ትፈርዳላችሁ፤ ብትሳሳቱም ደጃችሁን የሚያንኳኳ የለም። እኔም እንዲህ ያለውን ጠብ እወዳለሁ። እወድ ነበር ልበል።

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው አጠገብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የሠርግ ጥሪም አትማለሁ። በኛ ቆላ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ሰው ከጥላ አይነቃነቅም፤ ያን ጊዜ እኔና ማራገቢያዬ ብቻችንን እንቀራለን። ሌላው ጫቱን ይዞ የሚያሳልፈውን ሰዓት እኔ ካርታ ስሠራ አሳልፈዋለሁ። በበጎ ፈቃድ ነው ታዲያ። ማንም የፈለገ የሚያሰምረው፣ ማንም የፈለገ የሚያርመው የዓለም ካርታ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ደመወዝ የለው፣ አለቃ የለው። መንገድ የጎደለበት መንገድ ይጨምራል፤ ድልድይ የፈረሰበት ድልድዩን ይሰርዛል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ መሬት ላይ ያለውን አስምር ይላል። እኔን ግን መንገድና ድልድይ አላረካኝም። ባሕር ካየሁ በቴሌቪዥን ነው፤ የባሕር ድንበር ሊቅ ሆኜ አረፍኩት።

አትሳቁ። ሥራው ቀላል አይደለም። ስማቸውን የማልጠራቸው ሁለት አገሮች አሉ፤ በመካከላቸው ወንዝ ይፈሳል፤ የባሕር ድንበራቸው የሚነሣው ወንዙ ባሕር ከሚገባበት አፍ ነው። አንድ ጊዜ ማዕበል ተነሣና ወንዙ የድሮ አፉን ትቶ በሌላ በኩል ባሕር ገባ። እንግዲህ መስመሩ ከየትኛው አፍ ይነሣ? ከአሮጌው ወይስ ከአዲሱ? በሁለቱ አፎች መካከል የቀረችውን አሸዋ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ሁለቱም የኔ ናት ሳይሏት ተዉአት። ሰው የተወው ነገር ደግሞ ባለቤት አያጣም። አንድ ጎልማሳ በጀልባ ሄደና ባንዲራ ተክሎ ንጉሥ ነኝ አለ። ሦስት ተገዢዎች አሉት፤ አንዷ ሚስቱ ናት፤ እሷም እያመነታች ነው ይባላል።

ራሱን ባሕረኛው ብሎ የሚጠራ፣ አገሩን የማላውቀው ሌላ በጎ ፈቃደኛ መስመሩን ከአዲሱ አፍ አስነሣው። አጠፋሁት። መለሰው። አጠፋሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተጻጻፍን። ወንዝ ቀስ በቀስ ዳርቻውን እየበላ ቢሄድ ድንበርም አብሮት ይሄዳል፤ በአንድ ጎርፍ ዘሎ ቢሄድ ግን ድንበሩ እድሮው ቦታ ይቀራል ብዬ ተከራከርኩ። ሕግ ጠቀስኩ፤ የቆየ ካርታ አያያዝኩ፤ የዚያን ንጉሥ መንግሥትም በሁለት መስመር ማስታወሻ ከካርታው ላይ አወረድኳት። በመጨረሻ ባሕረኛው ተረትቻለሁ ብሎ ጻፈልኝ። ያን ቀን ምሳ ሳልበላ ጠገብኩ።

በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ሞቅታ፣ እስቲ የራሴንም አገር ድንበር ላሰምር አልኩ። የወረዳችንን የቀወትን ቀበሌዎች ማለቴ ነው። ከሮቢ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት ቀበሌዎች ወሰናቸው ካርታው ላይ አልነበረም። በሳተላይቱ ምስል ላይ ወንዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በመካከላቸው ሌላ ምን ወሰን ሊኖር ነው? ሻይዬን እየጠጣሁ ወንዙን ተከትዬ ጠቅ ጠቅ አደረግሁና ጨረስኩ። ሻዩ እንኳ አልቀዘቀዘም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እንደኔ ያለው ነው።

ጥቂት ቆይቶ፣ ካራቆሬ የሚነግደው የጋሽ አየለ የበኩር ልጅ ስልኩን ይዞ ሱቄ መጣ። ጋሽ አየለ ከወንዙ ማዶ የሚያርሱ ደግ ሰው ናቸው። ልጁ ይችን ካርታ አውጣልኝ አለኝ። ሳያት የኔ ካርታ ናት። ሥራዬን ፈልጎ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ለምን ፈለግኸው ብዬ አልጠየቅሁም። በትልቅ ወረቀት፣ በቀለም አተምኩለት፤ እንዳይቆሽሽም በላስቲክ ለበጥኩለት። ሲወጣ በኩራት ከበር አየሁት።

ከእሱ በኋላ የመጡት ጋሼ ሙሄ ናቸው። ጋሼ ሙሄ የሟች አባቴ ወዳጅ ናቸው፤ ከወንዙ ወዲህ ባለው ቀበሌ ማሾና ማሽላ ያርሳሉ። አህያቸውን ከስልክ እንጨቱ ጋር አሰሩና ማመልከቻ ላጽፍ መጣሁ ብለው ተቀመጡ።

«ጻፍ» አሉኝ። «ማሳዬ ከወንዙ ማዶ ናት። ድሮ ወዲህ ነበረች። ያ ደራሽ ጎርፍ በመጣበት ክረምት ወንዙ ዘሎ በወዲህ በኩል ሄደና እማዶ ጥሏት ቀረ። ውሃ ሄደ ተብሎ መሬት አይሄድም ብለን እኔ በአህያ እየተሻገርኩ አርሳታለሁ፤ አየለ ከዚያ ሆኖ ዝንጀሮ ይጠብቅልኛል። እንዲህ ስንኖር አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። አሁን ልጁ ካርታ አመጣ። ከወንዙ ወዲያ ያለው ሁሉ የማዶ ነው ይላል።»

«የይዞታ ደብተርዎስ ጋሼ?»

«ደብተሩማ አዋሳኝ ወንዝ ይላል። ሲጻፍ አንድ ወንዝ ነበረ፤ የቱ ብሎ ማን ይጽፋል?»

ካሏቸው ማሳዎች በመስኖ የምትለማው ያቺ ብቻ መሆኗን ነገሩኝ። ከዓረብ አገር ባዶ እጇን ለተመለሰችው ልጃቸው፣ ለዘይነባ፣ ሊለቁላት ቃል ገብተዋል። ዘይነባ የሽንኩርት ፍሬ ሳይቀር አዘጋጅታ ነበር።

«ጻፍ» አሉኝ ደግመው። «ይችን መስመር ያሰመረው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ትልቅ ሰው ይሆናል። አገራችንን ግን አያውቃትም። ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር።»

ጻፍኩ። በራሴ ላይ የቀረበውን ክስ በራሴ እጅ፣ ባማረ ፊደል፣ የፊርማውን ቦታ ሳይቀር አስተካክዬ ጻፍኩ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አዩና ወባ ይዞሃል እንዴ አሉኝ። አዎ ይዞኛል አልኩ። ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ ነኝ ለማለት አፌ አልከፈት አለ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ማራገቢያውን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። በሦስት ሳምንት፣ በስንት ማስረጃ ባሕረኛውን ያሳመንኩበትን ነገር ጋሼ ሙሄ አህያቸውን ደጅ አስረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረውኝ ሄዱ። ለማላውቀው አሸዋ ያወቅሁትን ሕግ ለማውቀው ሰው ማሳ ረሳሁት። ደግሞ ልብ በሉ፤ እኔ መስመሩን እስካሰምር በሁለቱ መካከል ጠብ የሚባል ነገር አልነበረም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይሄ ነው። አፈርኩ። እፍረቱ እንዲህ በጽሑፍ ስነግራችሁ እንኳ አልለቀቀኝም።

ማመልከቻው ቀበሌ ገባ፤ ቀበሌው ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ አለ። ከወዲህ ሦስት፣ ከወዲያ ሦስት ሽማግሌዎች ቆርቆሮ ዳስ ሥር ተቀመጡ። ካርታዬ በላስቲኳ እያብለጨለጨች ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ይህን ጊዜ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩና ከፊታቸው ቆምኩ።

«አባቶቼ፣ ይሄን መስመር ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ» አልኩ።

 ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ። ሰብሳቢው ሐጂ በደግነት አዩኝ።

«ልጄ፣ አንተ ፎቶ ኮፒ ነህ» አሉኝ። «ይሄ ከሰማይ የታየ ነው። ሙሄ ያባትህ ወዳጅ መሆኑን እናውቃለን። ለሽማግሌ ግን አይዋሽም፤ ነውር ነው።»

ስልኬን አወጣሁ። ዓይናቸው እያየ መስመሩን አንሥቼ ወደ ድሮው ደረቅ ወንዝ ወሰድኩት። በቃ፣ አሁን ያምኑኛል ብዬ ቀና ስል ይባሱን ተቆጥተዋል።

«ሊያበላሸው ነው እኮ፣ እያያችሁ!» አለ የጋሽ አየለ ልጅ።

«መልስ» አሉኝ ሐጂ ኮስተር ብለው። «የዓለምን ካርታ እዚህ ቆመህ አታጠፋም። እንደነበረ መልስ።»

ስድስት ሽማግሌ ፊት ቆሞ እምቢ የሚል ካለ እሱ ሌላ አገር ያደገ ነው። መለስኩት። ይኸውላችሁ፣ ያንን መስመር ሁለት ጊዜ አሰመርኩት፤ ሁለተኛውን እያወቅሁ። ጋሽ አየለ ምን ትላለህ ተብለው ሲጠየቁ አንገታቸውን ደፍተው «እኔ ምንም አላልኩም፤ ወረቀቱ ነው የሚለው» አሉ። ጋሼ ሙሄ ወደተቀመጡበት አላዩም። ማሳዋ ለማዶ፣ ማለትም ለምታዋስናቸው ለጋሽ አየለ፣ እንድትሆን ተወሰነ። ዱዓ ተደረገ፣ ምርቃት ተመረቀ፣ ነገሩ በሰላም አለቀ ተባለ።

ጋሼ ሙሄን ወደ ቤታቸው ሸኘኋቸው። አህያቸውን ከኋላ እየጎተትኩ ብዙ መንገድ ሄድን።

«እውነትህን ነው። አንተ ነህ ያሰመርከው» አሉኝ።

«በምን አወቁ ጋሼ?»

«ያን ቀን የነበረው ወባ አይደለም።»

መሬት መሬቱን አየሁ።

«የት ሆነህ ነው ያሰመርከው?»

«ሱቄ ውስጥ።»

«ከሱቅህ እኔ ቤት በባጃጅ ስንት ይሆናል?»

«ሩብ ሰዓት።»

ትንሽ ሄዱና «ብትመጣ ምሳም ትበላ ነበረ» አሉኝ።  ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አህያዋን አስረክቤ ስመለስ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን፣ እንደለመድኩት በቀትር ኮምፒውተሬን ስከፍት ከባሕረኛው መልእክት አገኘሁ። ያን ዕለት መስመሬ በደቂቃ ውስጥ ወዲያ ሄዶ ወዲህ መመለሱን አይቷል። በትሕትና ነው የጻፈው። የድሮው የወንዝ መሄጃ በምስሉ ላይ ይታያል፤ በዘለለ ወንዝ ድንበር አይሄድም ብለህ ያሳመንከኝ አንተ ነህ፤ ወሰኑን ወደ አሮጌው ልመልሰው ወይ ይላል።

ዓለም ላይ ለጋሼ ሙሄ የተከራከረላቸው ሰው ይሄ ብቻ ነው፤ እሱም አያውቃቸውም። አዎ መልሰው ልለው ጣቴ ቸኩሎ ነበር። ግን የካርታው ሕግ መሬት ላይ ያለውን አስምር ነው የሚለው። መሬት ላይ ያለውን ደግሞ ባለፈው ጁምዓ ሄጄ አይቼዋለሁ። የጋሽ አየለ ልጅ ወንዙን ተከትሎ የእሾህ አጥር አጥሯል። የዘይነባ ሽንኩርት ፍሬ እንደታሰረ ነው። ጋሼ ሙሄ ወንዙን አይሻገሩም፤ ለዒድም ከጋሽ አየለ ቤት የመጣ ሰው አልነበረም። ባሰመርኩት ቀን ውሸት የነበረው መስመር አሁን እውነት ሆኗል፤ ባርመው እዋሻለሁ።

«ተወው፤ ወሰኑ ወንዙ ነው» ብዬ መለስኩለት።

ባሕረኛው ወዲያው ጻፈልኝ። ቦታውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው በመገኘቱ በጣም ደስ ብሎታል።