ባለበርኖሷ ካሜራ

ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.፣ ይህን የሚጽፈው ሰው የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ሳለ፣ በመንዝ፣ ከሞላሌ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ በሰው ልጅ የማስተዋል ታሪክ ተመዝግቦ ሊቀመጥ የሚገባው ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ዓላማ በደረት ላይ የሚታሰር ትንሽ ካሜራ መምረጥ ነበር። የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ለመምረጥ አራት ታላላቅ ሰዎች፣ አሥራ አንድ ስብሰባና አንድ ክብ ማኅተም ማስፈለጉ የሚደንቀው ሰው ቢኖር፣ እሱ ቃለ ጉባኤ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው።

የነገሩ ሥር አቶ ኃይለመስቀል ናቸው። አቶ ኃይለመስቀል የታች ሰፈር ሰው፣ ገብስ አራሽና በግ አርቢ፣ ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት፣ የፈረስ ስማቸው አባ አይነኬ ነው። ስሙን ያገኙት በአርባ ዓመት የጉግስ ጨዋታ የማንም ዘንግ ገላቸውን ነክቶ ስለማያውቅ ነው፤ ምስክሩም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በየዓመቱ በጥምቀት ማግስት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ፈረሰኞች ሜዳ ወርደው፣ አንዱ እየሸሸ አንዱ እያባረረ፣ ዘንግ ይወራወራሉ። ሳይነካ የዋለው የክብር ካባ ይደረብለታል፤ ዓመቱንም ከፈረሰኛው ሁሉ ፊት ይሄዳል። አርባ ዓመት ከፊት የሄደ ሰው የሌላውን ፈረስ ጭራ አይቶ አያውቅም፤ አቶ ኃይለመስቀልም በእርጅናቸው ይህን ትምህርት ለመጀመር አልፈለጉም።

ኮሚቴው ከመቋቋሙ በፊት በዋለው ጥምቀት ግን የላይ ሰፈሩ ባለወፍጮ አቶ ደመላሽ በሕዝብ ፊት፣ «መታሁህ፤ ትከሻህን አገኘሁህ» አሉ።

«የነካኸው በርኖሴን ነው» አሉ አቶ ኃይለመስቀል።

«በርኖሱ ውስጥ ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ። በርኖሱ ግን እኔ አይደለሁም።»

ክርክሩ ለሽምግልና ቀረበ። ሰው ከለበሰው ጋር አንድ ነው ወይስ ሁለት ነው የሚለውን ጥያቄ መሪጌታ አትናቴዎስ ሦስት እሑድ መረመሩት። በሦስተኛው እሑድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «ሁለቱም ያስኬዳል» ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ሁለቱንም ወገን አስደሰተ፤ ጠቡም እንደ ነበረ ቀጠለ።

በዚህ ጊዜ ነው የባህልና ስፖርት ኃላፊው አቶ መሳፍንት ጉዳዩን «በሳይንሳዊ መንገድ ለመፍታት» የተነሡት። በመጀመሪያ የዘንጉ ጫፍ ቀይ ቀለም ይነከር፣ የተመታ ሰው በቀለሙ ይታወቅ አሉ፤ ለመስቀል በዓልም የሙከራ ጨዋታ ተደረገ። ፈረሰኛው ተቀባ፤ ፈረሱ ተቀባ፤ አጥር ላይ ሆኖ ሲያይ የነበረው ሕዝብ ተቀባ፤ የመሪጌታ ጥምጥም ሁለት ቦታ ተመታ። በላይና በታች ሰፈር ሴቶች መካከል በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስምምነት ተደረሰ፤ ስምምነቱም ያንን ልብስ ማንም እንዳታጥብ የሚል ነበር። የአቶ ኃይለመስቀል ባለቤት ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ «ቀለሙ ከተረፋችሁ ግድግዳው አለ» ብለው ነጭ የነበረውን ጋቢ ለባላቸው መለሱላቸው። የአቶ መሳፍንት ጽሕፈት ቤትም ውጤቱ አበረታች መሆኑን በሪፖርቱ ገልጾ ወደ ካሜራው ተሻገረ፤ አቶ መሳፍንት፣ መሪጌታና ሁለቱ ባላንጣዎች ኮሚቴ ሆነው ተሰየሙ።

ካሜራውን የምታውቀው ፎቶ ቤትና የስልክ ጥገና ያላት ብሌን ነበረች። ሦስት ዓይነት ካሜራ ከነካርቶኑ ይዛ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። በአንደኛው ካርቶን ላይ ፊታቸውን የሸፈኑ የውጭ አገር ወጣቶች ከግንድ ኋላ ተደብቀው ሲተኳኮሱ ይታያል።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው ልጄ?» አሉ አቶ ኃይለመስቀል።

«ፔይንትቦል ይባላል ጋሼ። በቀለም ጥይት የሚመታቱበት ጨዋታ ነው። ካሜራዋን ደረታቸው ላይ አስረው ይቀርጹታል።»

«ተጣልተው ነው?»

«ኧረ ተዋደው ነው። ከፍለው ነው እንጂ የሚጫወቱት።»

መሪጌታ አትናቴዎስ ጥምጥማቸውን ዳሰስ አደረጉ። «እኛንስ መሳፍንት በነጻ ነው የቀባን» አሉ።

ብሌን እንዲህ ብላ መከረች፤ «ለጉግስ ትንሿ ትበቃችኋለች። ቀላል ናት፤ ፈረሱ ሲጋልብ ምስሏ አይንቀጠቀጥም፤ ውኃ አይገባትም፤ ዘንግ ቢያገኛትም አትሰበርም። ትልልቆቹ ለሌላ ሥራ ናቸው።» ምክሩ ይኸው ነበር። ኮሚቴው ግን በዚህ እጅግ አዘነ። አሥራ አንድ ስብሰባ የተመደበለት ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ ሲያልቅ ማየት፣ ለድግስ የተጠራ ሰው ደጃፍ ላይ በእፍኝ ቆሎ እንደ መሸኘት ነው። ስለዚህ ምክሩ «በግብዓትነት ተይዞ» የመመዘኛ ነጥቦች ወጡ።

አቶ ደመላሽ ክብደትን አነሡ። ባለወፍጮ ናቸውና ትንሿን በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው፣ «ይህ ምስክር ነው። ክብደት የሌለው ምስክር ማን ያምነዋል?» አሉ። አቶ መሳፍንት ጥንካሬው በተግባር ይረጋገጥ ስላሉ ካሜራዋ ከጽሕፈት ቤቱ ጣሪያ ተጣለች፤ እንስራ ውስጥ ገብታ አደረች፤ አንድ ሙክት ቆመባት። ምንም አልሆነችም። ሙክቱ ለሁለት ቀን አነከሰ።

ቀጥሎ የት ትታሰር የሚለው መጣ። ግንባር የሻሽ ቦታ ነው ተባለ። አቶ ኃይለመስቀል ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «እዚህ ትሁን። የኔ ደረት ዘወትር ወደ ባላጋራዬ ነው» አሉ።

«ስትሸሽስ?» አሉ አቶ ደመላሽ። «የፈረስህን ጆሮ ልናይ ነው?»

«እኔ አልሸሽም። ፈረሴ ነው የሚሸሸው።»

ይህም በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ብሌን ብርድ ባትሪዋን እንደሚያደክም ስትናገር ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከበጎቻቸው ጠጉር ፈትለው፣ ለዓይኗ ቀዳዳ የተተወለት መዳፍ የሚያህል ጥቁር በርኖስ ሠሩላት። ያን ጊዜ ካሜራዋ የመንዝ ሰው መሰለች፤ ተመረጠችም። በዘጠነኛው ስብሰባ ላይ የተመረጠችው ብሌን በመጀመሪያው ቀን የተናገረችላት ያቺው ትንሿ ካሜራ ስትሆን፣ ውሳኔው «ከጥልቅ ጥናት በኋላ» የሚል ቃል ተጨምሮበታል።

አሥረኛው ስብሰባ አጭር ነበር፤ ታላላቅ ውሳኔዎች ብዙ ጊዜ በአጭር ስብሰባ ይወሰናሉ። ብሌን አጠቃቀሙን ስታሳይ፣ «ቀይዋ መብራት ስትበራ እየቀረጸች ነው። አረንጓዴ ስትሆን ዐርፋለች» አለች።

አቶ መሳፍንት ፈገግ አሉ። «ብሌን፣ እኔ አዲስ አበባ ላይ ስድስት ወር ሠልጥኛለሁ። ቀይ ማለት ቁም ማለት ነው፤ አረንጓዴ ማለት ሂድ ነው። በዓለም ሁሉ እንዲሁ ነው።»

«እሱ ለመኪና ነው እኮ።»

«ሕግ ለመኪና ሌላ፣ ለካሜራ ሌላ ይሆናል?»

«ካሜራዋ ግን ይህን ሕግ አልተማረችም።»

ንግግሯ ድፍረት ሆኖ ተገኘ፤ ድምፅ ይሰጥ ተባለ። አቶ መሳፍንት፣ መሪጌታ፣ አቶ ኃይለመስቀልና አቶ ደመላሽ እጃቸውን አወጡ። ሁለቱ ባላንጣዎች በአርባ ዓመት ውስጥ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ቀይ መብራት ማረፊያ እንዲሆን በአራት ድምፅ ጸደቀ፤ ብሌን ባለሙያ እንጂ አባል ስላልሆነች ድምፅ አልነበራትም። ማንም የካሜራዋን ሆድ ከፍቶ ምስክርነቷን እንዳያዛባም በማኅተም ታሸገች፤ ብሌን በየሳምንቱ ባትሪ ብቻ እንድትሞላ ተፈቀደላት። ከዚያ በኋላ ካሜራዋ ለልምምድ በተራ ለሁለቱ ፈረሰኞች ተሰጠች፤ ሥራ በማይኖርበት ጊዜ ሁሉ ቀይ መብራቷ በርቶ እንድታርፍ ተደረገ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አቶ ኃይለመስቀል በሆዳቸው አንድ ጭንቀት ነበራቸው። ጉልበታቸው ከእንግዲህ ለኮርቻ እንደማይታዘዝ ያውቃሉ፤ መጪው ጥምቀት የመጨረሻቸው ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀራቸው ስማቸው ብቻ ነው። ከሜዳው ሳይነኩ ከወጡ አባ አይነኬ እንደ ተባሉ ይቀበራሉ፤ ከተነኩ ግን ልጅ ሁሉ «አባ ተነኬ» እያለ በገበያ ይከተላቸዋል። ስለዚህ በዋዜማው ካሜራዋን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አደራሽን፤ አንቺ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ» አሏት። ይህ ልመና በኋላ ሙሉ በሙሉ ተፈጽሞላቸዋል።

በጥምቀት ማግስት በዕጣ ካሜራዋን አቶ ኃይለመስቀል አሰሩ። አቶ መሳፍንት በጥንቃቄ ወደ አረንጓዴ መለሷት። ጨዋታው ተጀመረ፤ አቧራው ሰማይ ነካ፤ አቶ ደመላሽ አባረሩ፤ የአቶ ኃይለመስቀል ፈረስ ሸሸ፤ ዘንግ ተወረወረ፤ ከአቧራውም ውስጥ ሁለት ድምፅ ተሰማ።

«መታሁህ።»

«አልመታኸኝም። ካሜራዋ ትናገር።»

ሕዝቡ ወደ ስብሰባ አዳራሹ ጎረፈ። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጠረ። አቶ መሳፍንት ቴክኖሎጂ ለእውነት ስላለው ፋይዳ ሃያ ደቂቃ ከተናገሩ በኋላ ማኅተሙ ተቆረጠ፤ ብሌን ሽቦ አገናኘች።

መጀመሪያ የታየው አሥራ አንደኛው ስብሰባ ነው። መሪጌታ አትናቴዎስ ዓይናቸውን ጨፍነው በጥልቅ ያስባሉ፤ ማሰባቸውም ይሰማል፣ ያንኮራፋል። ቀጥሎ አቶ መሳፍንት አሁን ያደረጉትን ንግግር ለባዶ ወንበሮች ሲያደርጉ ታዩ፤ «ጭብጨባ» ብለው ራሳቸው አጨበጨቡ።

«ጉግሱ የት አለ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ጉግሱ ላይ ዐርፋ ነበር» አለች ብሌን። «አረንጓዴ ነበረቻ።»

ከዚያም አንሶላው ላይ የአቶ ኃይለመስቀል ጓዳ ብቅ አለ። አቶ ኃይለመስቀል ግድግዳውን፣ ምሰሶውን፣ ጋሻቸውን አወቁት። ራሳቸውን ከማወቃቸው በፊት ድምፃቸውን ሰሙ። እሳቸው ትከሻቸውን ገልጠው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከመርሐቤቴ በመጣ የኑግ ዘይት ያሹዋቸዋል።

«ቀስ በይ። ከአምና ጀምሮ ብርድ በመጣ ቁጥር ይቆረጥመኛል።»

«በርኖሱን ነው የነካኝ ብለው የለ አንቱ?»

«በርኖሱም እኔም ተመትተናል። ከተወለድኩ እንዲህ ያለ ዱላ አልቀመስኩም። ለማንም እንዳትናገሪ።»

አንሶላው ላይ ያሉት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ቀና ብለው በቀጥታ ሕዝቡን አዩት። «ይህችስ ካሜራ?»

«ተኝታለች። ቀይ ናት።»

አቶ ኃይለመስቀል አንገታቸውን በርኖሳቸው ውስጥ ቀበሩ፤ በርኖሱ እሳቸው እንዳልሆነ የተከራከሩለት በርኖስ አሁን ብቸኛ መጠጊያቸው ሆነ። አቶ ደመላሽ ግን ተነሥተው ቆሙ። «ሰማችሁ? ከራሱ አፍ ሰማችሁ? መታሁት። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካውን እኔ…»

ከኋላቸው፣ አንሶላው ላይ፣ የራሳቸው ድምፅ ቀጠለ። የራሳቸው ጋጥ ነው፤ ፈረሳቸውን እያሻሹ ያጫውቱታል።

«አንተ እንኳ አይተሃል። አምና የኔ ዘንግማ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው የገባችው። እሱን የመታው የሜዳው ዳር ጥድ ነው፤ ወደ ኋላ እያየ ሲሸሽ ቅርንጫፉ ትከሻውን አገኘው። እሱ አላየም። እውነቱን ብናገር ማን ያምነኛል? መታሁት ስል ግን ሁሉም ያምነኛል።»

አቶ ደመላሽ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ያም ሆነ ይህ አንተ አልመታኸኝም» አሉ አቶ ኃይለመስቀል ከበርኖሳቸው ውስጥ።

«ያም ሆነ ይህ አንተ ተመትተሃል» አሉ አቶ ደመላሽ።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከሴቶቹ መካከል፣ «ዘይቱን ለሁለታችሁም አመጣለሁ» አሉ፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ሳቁን ለቀቀው። ሁለቱም ሳቁ። መጀመሪያ የሳቁት አቶ ኃይለመስቀል ናቸው፤ ይህ ሊካድባቸው አይገባም።

የዘንድሮውን ዘንግ ካሜራዋም አላየችው፤ የክብር ካባው ታዲያ ለማን ይሰጥ? ጽሕፈት ቤት የገዛውን ካባ ሳያለብስ ዓመቱን መዝጋት አይችልም። ኮሚቴው አሥራ ሁለተኛ ስብሰባ ጠርቶ መረመረ። አባ አይነኬን የነካው ማን ነው? ጥዱ። ሲጋለብበት ከቦታው ያልሸሸው ማን ነው? ጥዱ። ዓመት ሙሉ ሳይፎክር ዝም ያለው ማን ነው? አሁንም ጥዱ። ድምፅ ተሰጠና ካባው በአራት ድምፅ ለጥዱ ተደረበ፤ አቶ መሳፍንትም ለጥዱ ንግግር አደረጉለት። ከሰሙት ሁሉ ያላዛጋ እሱ ብቻ ነው።

በደንቡ መሠረት አሸናፊው በሚቀጥለው ዓመት ከፈረሰኛው ሁሉ ፊት መሄድ አለበት። ስለዚህ በሚቀጥለው ጥምቀት ማግስት የሁለቱ ሰፈር ፈረሰኞች ከጥዱ ኋላ ተሰልፈው እስኪሄድ ድረስ ጠበቁ። አቶ ኃይለመስቀል በእግራቸው ነበር የመጡት፤ ከፊታቸው የአቶ ደመላሽን ፈረስ ጭራ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት፤ ጥሩ ጭራ ነው ብለዋል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቀን ያዛባሁ፣ የስብሰባ ቁጥር የሳትኩ፣ ወይም ለአንዱ የአንዱን ንግግር የሰጠሁ እንደሆነ፣ የሚያውቅ ሰው እንዲያርመኝ በትሕትና እለምናለሁ። በቃል ይሁን፣ በደብዳቤም ይሁን፤ ብቻ ደረቱ ላይ ቀይ መብራት አብርቶ አይምጣብኝ።