በበር ቀለም የተቀባችው አሜሪካዊት

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ የማይሄድ መኪና ገዝቶ እንደ ሙሽራ የሚፍለቀለቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እዚሁ ጁባ፣ አማራት ሰፈር፣ ከአንድ ሆቴል ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ። ስሙ ደሳለኝ ነው፤ የሥራ ተቋራጭ ዘንድ ስለሚሠራ ሁላችንም ኢንጂነር ነው የምንለው። ከሰኞ እስከ ዓርብ መንገድ ይሠራል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ መንገድ ወጥታ የማታውቅ መኪና ሥር ተጋድሞ ይውላል።

እኔ ታዬ እባላለሁ፤ ካስተም ገበያ መለዋወጫ እሸጣለሁ። የዑጋንዳ የጭነት መኪኖች ደጃፌ ላይ ሲያራግፉ አቧራቸውን እየዋጥኩ ስንት ዓመቴ! ሱቄ የሚመጣ ሰው መኪናው መሀል መንገድ ቆማበት፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ "ጋሽ ታዬ፣ ቶሎ በለኝ" እያለ ነው የሚመጣው። ሰው መኪናው እንድትሄድለት ሲለማመጥ ነው የማውቀው። ላትሄድ ነገር ዕድሜውን የሚፈጅ ሰው ሳይ ያመኛል። ምን ላድርግ? ተፈጥሮዬ ነው።

መኪናዋን ደግሞ ብታዩአት! አሜሪካ ሠራሽ፣ የድሮ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ስንቅ የምታስይዝ። ኋላዋ ላይ ክንፍ አላት። መኪና ክንፍ ምን ያደርግላታል? ልትበር ነው? ኢንጂነርን ጠየቅኩት። "ጋሽ ታዬ፣ ይሄ እኮ ውበት ነው" አለኝ። ዝናብ ሲጥል ጭቃው ጎማ በሚውጥበት ከተማ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር የቀራት መኪና ውበት ሆና አረፈችው።

ያገኛት ካቶር ሰፈር ነው። ኡስታዝ ላዶ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ (ኡስታዝ እዚህ መምህር ማለት ነው) ግቢ ውስጥ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር። በወጣትነታቸው ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ሐኪም የገዟት ናት። ጦርነቱ ሲጠና ጥለዋት ካርቱም ሄዱ፤ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ እዚያው ማንጎው ሥር አገኟት። ሞተሯ ግሪፕ አድርጎ አልዞር ብሏል፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋበታለች።

ኡስታዝ መኪናዋን የሰጡት በነፃ በሚባል ዋጋ ነው። አንድ ነገር ብቻ ለመኑት። የተነሳች ዕለት እሳቸውንና ባለቤታቸውን ማማ ኬጂን ከቤታቸው ደጅ እስከ ካቶር ቤተ ክርስቲያን አንዴ እንዲያደርሳቸው። የተጋቡት እዚያ ነው፤ ኡስታዝ ሙሽራቸውን ያመጡት በዚችው መኪና ነው። የማማ ኬጂ ዓይን ደግሞ እየደከመ ነበር። ሐኪም አይቶ ተስፋ የለውም ብሏል። ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው፤ ቀለም ግን ያኔ ገና ይታያቸው ነበር። ሳይጨልምብኝ አንዴ ልቀመጥባት ብለዋል።

ኢንጂነር ደረቱን መታ። "ኡስታዝ፣ ስድስት ወር ይስጡኝ ብቻ" አላቸው። ይኸው አራት ዓመት አለፈ።

አራት ዓመት ምን ሲሠራ? ጥሩ ጠየቃችሁ። ኢንጂነር ሁለት በሽታ አለበት። አንደኛው "ኦሪጅናል" የሚባለው ነው። ከአሜሪካ ያልመጣ ብሎን አይገጥምም። አንድ የበር እጀታ ጠፋበትና ሱቄ ካለው ስጠኝ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ አሜሪካ ላለ የአክስቱ ልጅ ጻፈ። የአክስቱ ልጅ ገዝቶ አዲስ አበባ ለሚገባ መንገደኛ ሰጠ፤ መንገደኛው ጁባ ለሚመጣ ሌላ መንገደኛ ሰጠ። አምስት ወር ጠበቅን። መጣ። የጠፋው የግራ በር ነው፤ የመጣው የቀኝ። ኢንጂነር ተናደደ መሰላችሁ? "ለመጠባበቂያ ይሆናል" ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው። የእኔን እጀታ አሳየሁት።

"በር አይከፍትም?" አልኩት።

"ይከፍታል።"

"ታዲያስ?"

"ኦሪጅናል አይደለማ፣ ጋሽ ታዬ!"

ሁለተኛው በሽታ የእኛው የሁላችንም ነው፤ ይሉኝታ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጁባ ሐበሻ እዚያ ግቢ ይሰበሰባል። ጥብስ ይበላል፣ ቢራ ይከፈታል፣ ሁሉም መኪናዋን እየዞረ ምክር ይለግሳል። ባንክ የሚሠራውም መካኒክ ነው። አየር መንገድ የሚሠራውማ ጭራሽ ከአውሮፕላን ጋር ስለሚውል ማን ይችለዋል? አጠገቡ ያለው ባለ ሆቴል የጭነት መኪና ክላክስ ይዞ መጣ፤ ቢነፋ ግቢው የሚናጥ። የባንኩ ሰው ለመሪው ነብር የሚመስል ፀጉራም ልባስ አመጣ። ነብር! መቼም ሰው የሰጠውን እምቢ አይባል። ኢንጂነር ቅዳሜ ሰጪው እያየው ይገጥማል። እሁድ ሰጪው ሳያየው ይፈታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰጪው ይመጣል፣ እንደገና ይገጥማል። አራት ዓመት የት ገባ እንዳትሉኝ። ግማሹ የገባው ክላክስ ሲገጠምና ሲፈታ ነው።

እኔ ምንም አልሰጠሁም። አፌን ብቻ ነው የምሰጠው።

ኡስታዝም ቅዳሜ አይቀሩም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሻይ እየጠጡ ይቀመጣሉ። "ካላስ?" ይላሉ፤ አለቀ ወይ ማለታቸው ነው። "ትንሽ ነው የቀራት፣ ኡስታዝ" ይላል ኢንጂነር። "ኳይስ" ይላሉ። ጥሩ። በአራት ዓመት ከኳይስ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ከእኛ ጋር ሲውሉ ይሉኝታው ተጋብቶባቸዋል መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ ማማ ኬጂን ይዘው መጡ። እሳቸው ክንዳቸውን ለባላቸው ሰጥተው መኪናዋን በሌላ እጃቸው እየዳበሱ ዞሯት። የሾፌሩ በር ላይ ሲደርሱ እጃቸው አንድ ቦታ ቆም አለና ለብቻቸው ሳቁ። ምን እንዳገኙ አልጠየቅኩም። ዝገት የሚዳብስ ሰው ምን ይጠየቃል?

በሦስተኛው ዓመት፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ጥብሱን ብቻ ሊበላ በሚመጣበት ሰዓት፣ ሞተሩ ተነሳ። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ድምፁ ደስ ይላል፤ ከሆዱ ነው የሚያወራው። ባለ ሆቴሉ እልል አለ። ኡስታዝ ከወንበራቸው ተነሥተው ኮፍያቸውን አደረጉ። "ነገ እሁድ ነው" አሉ። "ኬጂ ነገ ትዘጋጅ?"

ይኼኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? አፍ ተፈጥሮልኝ!

መኪናዋ አረንጓዴ ነበረች። አረንጓዴ ስላችሁ የመኪና አረንጓዴ አይደለም። ወፍራም፣ ደብዛዛ፣ በብሩሽ የተለቀለቀ፣ የብሩሹ ፀጉር መስመር የሚታይበት ነገር። "ኢንጂነር" አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ "አንተ ሰው፣ በዚህ ቀለም ነው ከተማ የምትወጣው? ይሄ እኮ የቤት በር ቀለም ነው! መኪና ነው በር የምትነዳው? መንገድ ላይ ሰው እንዳያንኳኳህ!"

ሰው ሳቀ። የባንኩ ሰው ቢራው ትን አለው። ኢንጂነር ፊቱ ፍም መሰለ። ከወራት በኋላም ያን ሳቅ ሳስበው ይጣፍጠኝ ነበር፤ ጥሩ ተናግሬ ነበራ። ኢንጂነር ወደ ኡስታዝ ዞሮ አንድ ወር ብቻ እንዲታገሡት ለመናቸው። ኡስታዝ ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው ተቀመጡ። "ኳይስ" አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንመጣ መኪናዋ ራቁቷን ነበረች። ኢንጂነር በብርጭቆ ወረቀት እስከ ላሜራው ፍቋታል። ከበር ቀለሙ ሥር፣ ከኮፈኑ ውስጥ በኩል፣ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበረውን ቀለም አገኘ፤ ክሬም። ጌታዬ፣ ወርቅ ያገኘ ሰው እንዲህ አይጮህም። ቀለሙ ከውጭ ታዘዘ፤ ቀባ፣ አልወደደውም፣ ፈቀፈቀ፣ እንደገና ቀባ። አንዱ ወር አሥር ወር ሆነ። ማማ ኬጂ በዚያ አሥር ወር ውስጥ ቀለም መለየት አቆሙ። ኡስታዝ ይህንን የነገሩን ሻይ እያማሰሉ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መስለው ነው። እኛም አይዞዎት ብለን ጥብሳችንን በላን።

በመጨረሻ አለቀች። እኔ እንኳ፣ አላጋጩ፣ እንከን አጣሁባት። ፊትህን ታይባታለህ። እሁድ ጠዋት ሁላችንም ክታችንን ለብሰን ካቶር ሄድን። ኡስታዝ ቤት በር ላይ ስንቆም ማማ ኬጂ ገና ሞተሩን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። ባላቸው እየመሯቸው መጡ። እጃቸውን የሾፌሩ በር ላይ አሳረፉ። እጃቸው ተንሸራተተ። መለሱት። ወደ ታች ፈለጉ፣ ወደ ላይ ፈለጉ። ሙልጭ ያለ ነው።

"ዴ ማ አረቢያ ታና" አሉ። ይቺ የእኛ መኪና አይደለችም።

ኡስታዝ በቋንቋቸው ብዙ ነገሯቸው። ማማ ኬጂ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። የሰው መኪና ውስጥ አልገባም ብለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ወደ ቤት ተመለሱ። ከውስጥ ሲያለቅሱ ይሰማ ነበር።

ያኔ ነው ኡስታዝ የነገሩን። ለሠርጋቸው ሙሽራዪቱ በአዲስ በር ትግባ ብለው የቤቱን በር አረንጓዴ ቀቡት። ቀለም ተረፈ። መኪናዋ ተቧጭራ ስለነበር በተረፈው እሷንም ቀቧት፤ በብሩሽ፣ በሠርጉ ዋዜማ። ቀለሙ ሳይደርቅ ሙሽራዪቱ በሩን ስትይዝ ጣቷ አረንጓዴ ሆነ፤ በዚያ ጣት ነጭ ቀሚሷን ነካች። ቤተ ክርስቲያን የገቡት እየሳቁ ነው። የሾፌሩ በር ላይ አንድ ጠብታ ፈስሶ እዚያው ደርቆ ቀርቷል። ማማ ኬጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ባለፉ ቁጥር የሚነኩት ያንን ጠብታ ነው።

"ታዲያ ስንፍቀው ለምን አልነገሩንም፣ ኡስታዝ?" አለ ኢንጂነር።

"ደስ ብሏችሁ ነበር" አሉ። "ሰው ደስ ሲለው እንዴት ይነገረዋል?"

ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የድሮውን አረንጓዴ ልመልስላቸው እዚያው ቆሜ ቃል ገባሁ።

የቤቱ በር እስከ ዛሬ አለ። ፀሐይ አንጥቶታል እንጂ ከማጠፊያው ሥር የድሮው አረንጓዴ ተርፏል። ከዚያ ላይ ስንጥር ፍቄ በወረቀት ጠቅልዬ ካስተም ገባሁ። አንዱ ባለ ሱቅ ቆርቆሮ ከፈተልኝ፤ ይነጣል። ሌላው ከፈተልኝ፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሰባተኛው ሱቅ ውስጥ ያለው ነጋዴ ትዕግሥቱ አለቀ። "ያ ዙል፣ አንተ ሰውዬ፣ አረንጓዴ አረንጓዴ ነው! ለበር አይደል እንዴ?" አለኝ።

"ኦሪጅናሉ አይደለማ!" ብዬ ጮህኩበት።

ሰውየው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። አስተያየቱን አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ኢንጂነርን እንደዚያ የማየው።

የሆነው ሆኖ ከሁለት ቆርቆሮ ቀላቅዬ አገኘሁት። ቅዳሜ ዕለት ያንን ፊት የሚያሳይ ክሬም በርካሽ ብሩሽ ለቀለቅኩት። ኢንጂነር ማየት አልቻለም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ መጣና "ሁለተኛ ብሩሽ አለ?" አለኝ። የኋላ ክንፎቿን እሱ ቀባ። ጠብታዋን እኔ ነኝ የሠራኋት፤ በማንኪያ ጫፍ፣ እስትንፋሴን ይዤ።

በማግሥቱ ካቶር ደጃቸው ስንቆም ማማ ኬጂ መጡ። እጃቸው በብሩሹ መስመር ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ጠብታዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሳቁ። እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ አቧራ ገብቶብኝ አይደለም፣ አለቀስኩ። ለባላቸው አንድ ነገር አሏቸውና በሩን ከፍተው ገቡ። ባለ ሆቴሉ ስለነበር ክላክሱ አልተፈታም፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ እያስጮህን ሄድን። የካቶር ሰው የሲሚንቶ ጭነት መኪና መጣ ብሎ መንገድ ለቀቀልን።

ስንመለስ ኡስታዝን ማማ ኬጂ ምን እንዳሉ ጠየቅኳቸው። ተሽኮረመሙ። አስጨነቅኳቸው። "ጠብታዋ አራት ጣት ያህል ከፍ ትል ነበር ብላለች" አሉኝ። "ግን ኳይስ፣ ታዬ። ኳይስ።"

አራት ጣት! ሰማችሁ? ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፣ እህል አልበላ ብሎኛል። ዛሬ ብርጭቆ ወረቀቴን ይዤ አማራት ሄድኩ። ኢንጂነር የሾፌሩ በር ላይ ተዘርግቶ ከለከለኝ።

"ጋሽ ታዬ፣ በፈጠረህ ተው! ትሄዳለች እኮ!" አለኝ።

"መሄዷን ማን ጠየቀህ?" አልኩት።