ለእትዬ አልማዝ ልደት ያመጣሁት ዊንች

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ በሳቅ ትሞታላችሁ። እኔ በእፍረት ሞቼ ተመልሻለሁ!

መጀመሪያ ግን አንድ ጉዴን ላውጣ። ትርፍ ጊዜ ሳገኝ ማሽን እሠራለሁ። ትንንሽ፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ። ሃውቶርን ከተማ ያለችው ሳሎኔን ግማሿን የማዕድን ማውጫ ሞዴል ይዟታል። ድንጋይ መፍጫው፣ ፉርጎው፣ ሁሉም ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ፣ ከመድኃኒት ክዳንና ከተሰበረ ሰዓት ጥርስ በእጄ የተሠራ ነው።

ለምን ማዕድን ማውጫ? እኔም አላውቅም። ሌላው ድመት ያሳድግ የለ?

ለሐበሻ ጓደኞቼ ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። «በአሻንጉሊት ከምትጫወቺ ባል ፈልጊ» እንደሚሉኝ አውቃለሁዋ!

ሶ፣ ዛሬ ሎንግ ቢች ከተማ የሞዴል ሠሪዎች ኤግዚቢሽን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀብለውኛል። የማቀርበው ባልዲውን ከጉድጓድ በገመድ የሚያወጣውን ዊንች ነው። ክረምቱን ሙሉ ዓይኔን ያጠፋሁበት። ምዝገባው ሳይዘጋ ካልደረስኩ ደግሞ አለቀልኝ።

የሚመጥን ዕቃ ሳጣ ኬክ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

አዎ፣ ኬክ ሳጥን!

መንገዴ ባይሆንም ሳምቡሳ ልገዛ የሐበሻ ሬስቶራንቶች ያሉበት ፌርፋክስ ሄጄ መኪናዬን አቆምኩ። ሳጥኑን መኪና ውስጥ እንዳልተወው ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያለቅቀዋል። ታቅፌው ሬስቶራንቱ ገባሁ።

እልልታ ተቀበለኝ።

ለካ የእትዬ አልማዝ ልደት ኖሯል! እትዬ አልማዝ ማለት አዲስ መጥቼ ማንንም ሳላውቅ ኮሪያታውን ሰፈር ባለው አፓርታማቸው ያስጠጉኝ ሴት ናቸው። በቴክስት ተጠርቼ ነበር። ክረምቱን በሙሉ ዊንች ላይ አጎንብሼ ረሳሁት።

«መጣሽልኝ! ደግሞ ኬክ ምን አስቸገረሽ፣ የኔ ልጅ?» ብለው ሳጥኑን ከእጄ ወሰዱት።

እናንተ ብትሆኑ «ይቅርታ፣ ኬክ አይደለም» ትሉ ነበር፣ አይደል?

እኔ ምን አልኩ? «ኧረ ምንም አይደል!»

ምንም አይደል!! ይሉኝታ የሚባል ነገር እኔን ይዞ አይለቅም። ተቀመጥኩ። አጎረሱኝ። ዓይኔ ግን ሳጥኑ ላይ እንደተተከለ ነው። ሰው ዞር ሲል ይዤው እወጣለሁ ብዬ አሰብኩ። ሐበሻ ድግስ ላይ ሰው ዞር ይላል እንዴ?

መብራቱን አጠፉ። መዝሙሩ ተጀመረ። ልጃቸው ማርታ ሳጥኑ የታሸገበትን ፕላስተር ልትቀድ የቢላዋውን ጫፍ አስገባች።

«አትቁረጪው! ዊንች ነው!!» ብዬ ጮህኩ።

አንዱ ሮጦ ማብሪያውን ተጫነ።

መብራቱ በራ። ሁሉም እኔን ያያል። ማርታ ክዳኑን ከፈተችው፤ ቢላዋው የዊንቹን ገመድ በጥሶታል። በቃ፣ ሰው ሁሉ ፊት ማልቀስ ጀመርኩ። እየተንሰቀሰቅኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ልደቱን መርሳቴን፣ ኬክ አለማምጣቴን፣ ኤግዚቢሽኑን፣ ሳሎኔን ጭምር!

«ባል ፈልጊ» እስኪሉኝ ጠበቅኩ።

እትዬ አልማዝ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። እጀታውን በጣታቸው አዞሩት።

«ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

እጆቼን ይዘው ሳሙኝ። ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዘዙና «ይሄ አይሆንም?» አሉኝ።

ሆነ! ወዲያው አሰርኩት።

«በሉ ተነሡ፣ ልጄ ረፈደባት!» አሉ። ድግሱ እንዳለ ተነሣ። ምግቡ ታሽጎ፣ ስንት መኪና ሙሉ ሐበሻ ፍሪዌይ ላይ ወጣ። ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ደረስን።

አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌ ፈረንጆች በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። እኔ እጀታውን አዞርኩ። ባልዲዋ ጠጠሯን ይዛ ቀስ እያለች ወጣች።

እልልልልል!

አጠገቤ ባለው ጠረጴዛ ያለው ሰውዬ ፒንሳውን ጣለ። ሳቀና እሱም አጨበጨበ። እትዬ አልማዝማ ከጠረጴዛዬ አልንቀሳቀስ አሉ። ላለፈ ላገደመው ሁሉ «ማይ ዶተር! ሺ ሜክ!» እያሉ ሳምቡሳ ያድላሉ። በገዛ ልደታቸው ለኔ ሲያጨበጭቡ ዋሉ። ስታሳቅቀኝ የኖረችው እፍረት የት እንደገባች አላውቅም። እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም!

ስንለያይ ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርገው «ልደቴን መርሳትሽን ይቅር ብያለሁ። የምትወጂውን ነገር መደበቅሽን ግን ገና አስቤበት ነው» አሉኝ።

አሁን ኬክ ቤት ወረፋ ላይ ቆሜ ነው የምጽፍላችሁ። እውነተኛ ኬክ፣ ክሬም ያለው፣ ስማቸው የተጻፈበት። ዛሬውኑ ላደርስላቸው ነው።

ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ከእንግዲህ እኔ ያመጣሁትን ሳጥን ማን ደፍሮ ይቆርጣል?