ሊቀ ካሴት ጋሽ ሽፈራው እና የካራቆሬው ቅጂ

ሰው ዘፈን ሲሰማ ወይ ትከሻውን ይነቀንቃል፣ ወይ ሆዱ ይባባል፣ ወይ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሥራውን ይሠራል። ከነዚህ ከሦስቱ የማይመደብ አራተኛ ፍጡር ግን በየከተማው አንድ አይጠፋም። ይህኛው ዘፈኑ ገና ሲጀምር እጁን ያነሣና «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! ይሄ የትኛው ነው?» ይላል። የትኛው ዘፈን ነው ማለቱ እንዳይመስላችሁ፤ ዘፈኑንማ ሕፃንም ያውቀዋል። የትኛው ቅጂ ነው ማለቱ ነው።

ለሸዋ ሮቢት የደረሷት ሊቀ ካሴት ጋሽ ሽፈራው ናቸው። በንግድ ፈቃዳቸው የሽንኩርት ዘር ሻጭ ይባላሉ፤ በመንፈስ ግን የጀውሃ ኮከብ ባንድ ዕቃ ቤት ጠባቂ ናቸው። ባንዱ ከተበተነ ዘመን አልፎታል። ዘፋኙ አርፏል፣ ከበሮ መቺው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፣ ኦርጋኒስቱ አንዋር ደሴ ገብቶ ልጆቹን ያሳድጋል። ጋሽ ሽፈራው ግን አልተበተኑም።

የባንዱ ዋና ዘፈን «ማሾ ለቃሚዋ» ነው። እኛ ተራ ሰዎች አንድ ዘፈን ነው እንላለን። በእሳቸው ቆጠራ ግን መንደር ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው አለ። ደብረ ሲና የተቀዳው አለ፤ ጉሙ ገብቶበት ሳክስፎን ነፊው መሐል ላይ ያስላል፤ ሳሉን ለይቶ የማያውቅ ሰው እሳቸው ፊት አፉን ባይከፍት ይመረጣል። ከበሮው ተቀዶ በጀሪካን የተመታበት የአጣዬው አለ። የአዲስ አበባ ልጆች ዱም ዱም የጨመሩበት ሪሚክስ አለ፤ እሱ ሲከፈት ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ጉንጫቸውን ይይዛሉ። የሪሚክሱም ሪሚክስ አለ፤ ባጃጆቹ የሚከፍቱት። ስለ እሱ ዝም ማለት ይሻላል።

የጎረቤት ልጅ መቅደስ ስትዳር፣ ሙሽሮቹ ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ያው ዘፈን ተከፈተ። ሊቀ ካሴት ከአማቾች መካከል ተነሥተው ዲጄውን አስቆሙት። ሙሽራዋ አንድ እግሯን ምንጣፉ ላይ፣ አንድ እግሯን አቧራው ላይ እንዳደረገች ትክክለኛው ቅጂ እስኪገኝ ተገትራ ቀረች። ፎቶው አለ። ወባ ጥሏቸው ጤና ጣቢያ በተኙ ጊዜ ደግሞ ባለቤታቸው እትዬ ወይንሸት «አለቀልኝ» ብላ ስታለቅስ የነርሷ ስልክ በዚያው ዘፈን ጠራ። ጋሽ ሽፈራው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ሦስተኛውን አንቀጽ ቆርጠውታል» አሉ። ወይንሸት እዚያው እልልታዋን አቀለጠችው። ዳኑ ማለት ነዋ!

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የቻለው ጣሪቅ ነው። ጣሪቅ ስልክና ቴፕ ይጠግናል፤ ሱቁን ከጋሽ ሽፈራው ሱቅ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። እሱም ለባንዱ ሟች ነው። ጣጣው የስቱዲዮውን ቅጂ ብቻ የሚያምን መሆኑ ላይ ነው። ሁለቱ ጠዋት ሱቃቸውን ከፍተው ሰላምታ ሳይለዋወጡ በቆርቆሮው በኩል ክርክሩን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ክርክሩም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የካራቆሬው ቅጂ።

ጋሽ ሽፈራው አዲስ ሙሽራ ሳሉ ባንዱ ካራቆሬ ገበያው ሜዳ ላይ ተጫውቶ ነበር፤ የገዛ ቴፓቸውን ይዘው ሄደው ቀዱት። በዚያ ካሴት ላይ «ማሾ ለቃሚዋ» እንደ ሌላው ጊዜ አትራመድም፤ ትሮጣለች። መጨረሻው ላይማ ኦርጋኑ ወፍ ይሆናል። ካሴቱ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ጋሽ ሽፈራው «ቅጂ በተቀዳ ቁጥር ነፍሱ ትቀንሳለች» ብለው ለማንም አስቀድተው አያውቁም። ሲያሰሙም ሱቃቸው ውስጥ፣ ልክ ዘፈኑ ሲጀምር ከፍተው ልክ ሲያልቅ ያጠፉታል።

«ሰው እንዲህ አይጫወትም ጋሽ ሽፌ» ይላል ጣሪቅ።

«ሰው ማን አለህ? አንዋር ነው እንጂ! ሕዝቡን ሲያይ መንፈስ ነጠቀው።»

«መንፈስ ቢነጥቀው ከበሮውንስ ማን ነጠቀው?»

«እሱንም መንፈስ!»

ነገሩ በዚህ ቢቀጥል መልካም ነበር። ባለፈው ሰኞ ግን ጣሪቅ በባለሱቆቹ ሁሉ ፊት «ሐሰተኛ ካሴት» የሚል ቃል አመለጠው። ጋሽ ሽፈራው ከወንበራቸው ተነሡ። «ማርያምን! አንዋር በአፉ ‹ሐሰተኛ ነው› ያለ ዕለት ካሴቱን ሮቢ ወንዝ ውስጥ እጥለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዘፈን አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም!» አሉ። ጣሪቅ ሣቀ። አንዋር ደሴ፣ እነሱ እዚህ፤ ማን ያገናኛቸዋል?

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ደሴ መናኸሪያ ትኬት የምትሸጠው የጣሪቅ እኅት ሙሚና ደወለች። «ያ ኦርጋኒስታችሁ አሁን ተሳፈረ። ምሳ እናንተ ጋ ናቸው» አለችው። ጣሪቅ ቆርቆሮውን በጡጫ ደበደበው። «ጋሽ ሽፌ! ምስክርዎ እየመጣልዎ ነው!»

ጋሽ ሽፈራው በዚያ በሚያቀልጥ ሙቀት ኮት ለብሰው መጡ። ካሴቱን እንደ ጽላት በነጭ መሐረብ ጠቅልለውታል። ጣሪቅ ከሱቁ ደህና ቴፕ ይዞ፣ አውቶቡሶች ለምሳ ወደሚቆሙበት ወደ ሰሊማ ቤት ገብተው በር ላይ ያለውን ጠረጴዛ ያዙ።

«ዛሬ እዚህ የሚበላው ምሳ ነው ወይስ የሚሰየመው ችሎት?» አለች ሰሊማ ሽቦ ሲዘረጉ አይታ።

«ሁለቱም ነው እቴ። ለኔ ሽሮ፤ ጾም ነው።»

ሽሮው መጣ፤ አልነኩትም። ቴፑ የካሴቱን ክር እንዳይበላ አስቀድመው ሊፈትሹት ወደ መጀመሪያው አጠነጠኑትና ከፈቱት። ጣሪቅ ከዘፈኑ በፊት ያለውን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። የሕዝብ ጫጫታ፣ ቀጥሎ አንድ ቀጭን ድምፅ፤ «ገለል በሉ! ቴፑን አትጋርዱብኝ!»

«ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ጋሽ ሽፈራው።

«አንቱ? ድምፅዎ እንዲህ ነበር?»

«ያኔማ ወጣት ነበርኩ።»

ጣሪቅ በልቡ ጢምም ነበረዎት፣ ሚስትም ነበረችዎት አለ። ዘፈኑ ጀመረ፣ ሮጠ፣ ወፍ ሆነ፣ አለቀ። ጋሽ ሽፈራው ሊያጠፉ እጃቸውን ሲሰዱ ጣሪቅ ያዛቸው። ከጭብጨባው ኋላ አህያ አናፋ። የካራቆሬ አህያ፣ ያ ተራራ የሚያስተጋባው ጉሮሮ፣ ካሴቱ ላይ እንደ ጫጩት ጭው ጭው አለ።

ጣሪቅ ቴፑን አጠፋው።

«ጋሽ ሽፌ፣ ያን ቀን ቴፑ ውስጥ የነበረው ባትሪ ድንጋይ አዲስ ነበር?»

«የምን አዲስ! ያኔ አዲስ ድንጋይ ማን ያገኝ ነበር? ወይንሸት ጣራ ላይ ፀሐይ ስታሰጣው ነው የሰነበተችው» አሉ፤ እንደ ጀብዱ።

ጣሪቅ ዕድሜውን ቴፕ ሲፈታ ኖሯልና ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ፀሐይ የተሰጣ ድንጋይ ለጊዜው ነፍስ ይዘራና ይደክማል። ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ እየተንቀራፈፈ ይቀዳል። ተንቀራፍፎ የቀዳውን በጤነኛ ቴፕ ስታጫውተው ደግሞ ይሮጣል፤ ድንጋዩ በባሰበት መጠን ሩጫው ይብሳል። መንፈስ የነጠቀው ሰው አልነበረም። ባንዱ እንደ ወትሮው ተጫውቶ ወደ ቤቱ ሄዷል።

አሸነፈ። ስንት ዓመት ሙሉ በቆርቆሮው በኩል የተመኘው ድል ጠረጴዛው ላይ ከሽሮው አጠገብ ቁጭ አለ። የሚገርመው ግን ደስ አላለውም። ነገ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ታየው። ከቆርቆሮው ማዶ የሽንኩርት ዘር ሲመዘን ይሰማል። ሌላ ምንም አይሰማም። ማርያምን ብለው የማሉ ሰው ናቸው፤ ቃላቸውን አያጥፉም። ዝም ያሉ ጋሽ ሽፈራው! ወባውም እዚህ አላደረሳቸውም።

«ዛሬ ይቅርብን» አለ። «ሰውየው መንገደኛ ነው፣ ደክሞታል።»

«ፈራህ!»

«አዎ፣ ፈራሁ።»

«እሰይ!» አሉ ጋሽ ሽፈራው፤ ኮታቸውን አስተካክለው።

ወዲያው አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ ገባ። ተሳፋሪው ተራግፎ ወንበር ሲሻማ ጣሪቅ ሰውየውን ከድሮ ፖስተር ላይ ባወቀው ሰፊ ግንባሩ ለየው። ፀጉሩ ሸብቷል። ጋሽ ሽፈራው ግን ብድግ ብለው እንደ ጳጳስ ጎንበስ አሉለት። «ጋሽ አንዋር! ይቀመጡ። ከሕይወትዎ ላይ አንድ ዘፈን ብቻ ነው የምንወስደው።»

ኦርጋኒስቱ ግራ ተጋብተው ተቀመጡ፤ ጥብስም መጣላቸው። ሰሊማ ቤት አውቶቡስ የሚቆመው ሹፌሩ እስኪጠግብ ድረስ ነውና ጣሪቅ የሹፌሩን ሣህን አየ። ሹፌሩ እንደ እሳት ይበላል። ብላ፣ ፍጠን፣ አለ ጣሪቅ በልቡ፤ ያ ሁሉ ነገር ሳይጀመር ጨርስ።

ጋሽ ሽፈራው ግን ካሴቱን ከፈቱ።

አንዋር ማኘካቸውን አቆሙ። ግራ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ወጣና ጣቶቻቸው እንጨቱን መምታት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ደረሱበት። መካከል ላይ ዘፈኑ ቀደማቸው። ጣቶቹ ተሯሯጡ፣ ተደነቃቀፉ፣ ቆሙ። አንዋር አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጣሪቅ ቀደማቸው።

«ልክ ነው! እንዲህ ነበር የተጫወታችሁት። እኔም ካራቆሬ ነበርኩ!»

ጋሽ ሽፈራው ዞረው አፈጠጡበት። «አንተ? በየት በኩል? እናትህ ከደጅ አታስወጣህም ነበር! በኔ ቅጂ ላይ የውሸት ምስክር አልፈልግም።»

«ጋሽ ሽፌ፣ እባክዎ…»

«ዝም በል! ይናገሩ ጋሽ አንዋር።»

አንዋር ቴፑን ትንሽ አዩት። «ወንድሜ፣ በዚህ ፍጥነት አንድም ቀን አልተጫወትንም። እንኳን ያኔ፣ ጣት ቢጨመርልኝም አልችለውም። ድንጋይህ ደክሞ ነው።»

ጋሽ ሽፈራው ቴፑን አጠፉ። ካሴቱን አወጡ። መሐረቡን እንኳ አላነሡትም። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም፤ ጣሪቅን ያስፈራውም እሱ ነው። ስድብ ቢሆን፣ ቁጣ ቢሆን ይችለው ነበር።

«ምያለሁ» አሉና ወደ ወንዙ በኩል ዞሩ።

ጣሪቅ ወንበሩን ገልብጦ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመባቸው። «አንቱ የማሉት ሐሰተኛ ነው ካለ ብለው ነው! ጋሽ አንዋር፣ በአላህ ይንገሩኝ፣ ኦርጋኑን የሚመታው ማነው?»

«እኔ ነኝ እንጂ።»

«የሚዘፍነውስ?»

«ወላሂ ራሱ ነው። አላህ ይማረውና ሌላ ማን ይሆናል?»

«እኮ! የቱ ጋ ነው ሐሰቱ?»

«ልቀቀኝ ጣሪቅ። በማይረባ ነገር ላይ ስንት ዓመት ሰው አደነቆርኩ» አሉ ጋሽ ሽፈራው፣ ድምፃቸው ወርዶ። ውጭ ሹፌሩ ሞተር አስነሥቷል።

«የማይረባ?» ጣሪቅ ጮኸ። ሰሊማ ከነትሪዋ ቆመች። «የስቱዲዮውን ማንም አለው! የደብረ ሲናውን ባጃጅ ሁሉ ይዞታል! ይሄንን ግን ባንዱ ራሱ የለውም። ባንዱ ያልተጫወተውን የባንዱን ዘፈን የያዘ ሰው ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ይጥሩልኝ! አንድ ሰው! የኔ የስቱዲዮው ተራ ቅጂ ነው ጋሽ ሽፌ፤ ተራ። የአንቱን የመሰለ ቅጂ የለም።»

የስቱዲዮው ቅጂ ሃይማኖተኛ በሰው ሁሉ ፊት ካደ።

ጋሽ ሽፈራው ካሴቱን ገልብጠው አዩት። ከዚያ ወደ አንዋር ዞረው በጣም ቀስ ብለው ጠየቁ። «በርግጥ አንድም ቀን አልተጫወታችሁትም?»

«አንድም ቀን።»

«ልምምድ ላይስ?»

«ኧረ የለም አልኩህ!»

ሊቀ ካሴት ኮታቸውን ከፍተው ካሴቱን በውስጥ ኪሳቸው አደረጉና ቁልፉን ቆለፉ። ላባቸው እየወረደ ነው። ጣሪቅም ከበሩ ገለል ብሎ የገለበጠውን ወንበር አነሣ።

ሹፌሩ ጥሩንባውን ደጋገመው። አንዋር እጃቸውን ታጥበው ተነሡ፤ ሁለቱም ሸኟቸው። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግራቸውን ካሳረፉ በኋላ ቆም አሉ።

«ወንድሜ፣ ያንን ነገር ቀድተህ ትልክልኛለህ? ዘፋኛችን እንደዚያ ሲሮጥ ሰምቼው አላውቅም። ሕይወት ያለው ይመስላል።»

ጣሪቅ ጋሽ ሽፈራውን አየ። ዕድሜ ልካቸውን የዚህን ሰው እጅ ለመጨበጥ የተመኙ ሰው ናቸው፤ አሁን ደግሞ ሰውየው ራሱ ይለምናቸዋል። ጋሽ ሽፈራው በኮታቸው ላይ ኪሳቸውን ዳሰሱ።

«ይላካል» አሉ። «ግን መጀመሪያ የሚቀዳለት ጣሪቅ ነው። ከሱ ቀጥሎ ይደርስዎታል።»