ሊቀ ሳሎናት እና የማይጠየቀው ጥያቄ

በየከተማው ሰው ቤት ገብቶ እንደ እንግዳ መቀመጥ የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ዓይኑ መጋረጃው ላይ ያርፋል። ከመጋረጃው ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው ወደ ሶፋው ይወርድና ከዚያ በኋላ የቤቱ ባለቤት መሆንህ ያበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው ሞልቷል ይባላል። እኛ ደብረ ማርቆሶችን ግን አንዷ ትበቃናለች። እሷም ወይዘሮ ያለምዘውድ ናት፤ የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያ፣ የመጋረጃ ዳኛ፣ የጂፕሰም አበጋዝ። አገራችን የማዕረግ አገር ስለሆነች እኔም በበኩሌ ሊቀ ሳሎናት ብዬ ሾሜያታለሁ። ሹመቱን ስነግራት አመሰገነችኝና የተቀመጥኩበትን ወንበር ወደ መስኮቱ አዞረችው።

አንቱ ልላትም ሞክሬ ነበር፤ አስረጀኸኝ ብላ ስለተቆጣች ትቼዋለሁ።

የሊቀ ሳሎናት መፈክር "እስኪ ተነሱልኝ" የሚል ነው። ክርስትና ተጠርታ ሄዳ ሶፋው ያለቦታው መቀመጡን ካየች፣ የተቀመጡበት የነፍስ አባትም ቢሆኑ "አባ፣ እስኪ አንዴ ይነሱልኝ" ትላለች። አባም ሰሃናቸውን እንደያዙ ይነሳሉ። አንድ ጊዜ ልቅሶ አብረን ደርሰን አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከልቧ ስታለቅስ ቆየችና ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፤ ያ አምፖል ሰውን ከልክ በላይ ያገረጣዋል አለችኝ። በማግስቱ ስሄድ አምፖሉ ተቀይሯል። የሟች ቤተሰብ ማን እንደቀየረው እስከ ዛሬ አያውቅም፤ እኔም ምስጢር ጠባቂ ነኝ።

እኛ ቤት በየሳምንቱ ትመጣለች። የምትመጣው እናቴን፣ እማሆይ አመተ ሥላሴን፣ ለመጠየቅ ነው። እናቴ ቆብ ከደፉ ወዲህ የሚኖሩት ከእኔና ከባለቤቴ ከማርቲ ጋር ነው፤ ከሳሎኑ ጀርባ ባለችው ክፍል። ያለምዘውድ እናቷን በልጅነቷ ስላጣች እማሆይን እንደ እናቷ ነው የምታያቸው። ዳቦ ይዛላቸው ትመጣለች፣ እግራቸውን ታሻለች፣ ከዚያ ሳሎኑን ገልብጣ ትሄዳለች። ማርቲ ያለምዘውድ መጥታ እንደነበር የምታውቀው ማታ ስትገባ ቡፌው ሲያደናቅፋት ነው።

ሱቋ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። መጋረጃ ከመስፋት ተነስታ ኮርኒስ፣ ከኮርኒስ ቁም ሳጥን፣ ከቁም ሳጥን ሙሉ ቤት ደረሰች። አሠራሯ የራሷ ነው። ቤት ስትጠራ መጀመሪያ አትለካም፤ ትጠይቃለች። ማኅበር ሲደርሳችሁ ስንት ሰው ይቀመጣል? ጤፉ የት ይቀመጣል? ከገጠር ዘመድ ሊታከም ሲመጣ የት ይተኛል? እስከዚህ ድረስ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ይመልሳል። ከዚያ ሜትሯን ከቦርሳዋ ታወጣና በሩ ላይ ትቆማለች።

"በዚህ ቤት ሰው ሲሞት ሣጥኑ በየት ይወጣል?"

አዲስ ቤት ሠርቶ መጋረጃ ለመምረጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ያማተበ አለ። አምበር ከተማ ላይ አንዱ እሷ ከሄደች በኋላ ቤቱን ጠበል አስረጭቷል። ለምን እንደምትጠይቅ የነገረችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። የእናቷ ሣጥን ኮሪደሩ ላይ አልዞር ብሎ በመስኮት ነው የወጣው። ሌላው ሰው የቀብሩን ዕለት ሲያስታውስ እሷ የምታስታውሰው መስኮቱን ነው። ይህን ነግራኝ ስታበቃ የቡና ቤቱን ጠረጴዛ ወደ ግድግዳው አስጠጋችው።

ያም ሆኖ ሰው እየተሟረተበትም ቢሆን ያሠራት ነበር፤ ሌላ የት ይሄዳል። ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። ጋዜጠኞች ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት፣ የከተማው ወጣት ኤአይ የሚለው፣ ያለምዘውድ ደግሞ "ልጁ" የምትለው ነገር ማርቆስ ገባ። ሰው ባዶ ክፍሉን በስልኩ ያነሳና "አሳምርልኝ" ይለዋል። ልጁም ሻይ እስኪቀርብ እንኳ ሳይቆይ አሳምሮ ያመጣል። ስለ ጤፍ አይጠይቅም፣ ስለ ማኅበር አይጠይቅም፣ ስለ ሣጥንማ ጨርሶ አያነሳም። ሲጨንቀው የሚጠይቀው ግድግዳው ነጭ ይሁን ክሬም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋ ባለሙያ አገር አይቶ አያውቅም።

ደንበኞች አንድ በአንድ ቀሩ። ሥዕሉን ከስልካቸው ለጂፕሰም ሠሪው እያሳዩ በቀጥታ ማሠራት ጀመሩ። የሱቋ አከራይም ቦታውን ለባጃጅ መለዋወጫ ሻጭ ሊሰጠው እንዳሰበ አልደበቀም። እስከ ፋሲካ ድረስ አንድ ትልቅ ሥራ ካልተገኘ ሱቁ እንደሚዘጋ ሁላችንም አውቀን ነበር። ሊቀ ሳሎናት ሱቅ ከሌላት ደግሞ ቀኑን ሙሉ የእኛ ቤት ልትውል ነው። ማርቲን ያስጨነቃት ይህ ነው።

ትልቁ ሥራ መጣ። አቶ ደመላሽ የሉማሜ እህል ነጋዴ ናቸው። ልጆቻቸው እዚህ እንዲማሩ ብለው ማርቆስ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርተዋል፤ አሮጊት እናታቸውንም ሊያመጡ ነው። ያ "ልጁ" የተባለው ኤአይ የሣለላቸውን በስልካቸው ይዘው ሱቋ ድረስ መጡ። ነጭ ሶፋ፣ የመስታወት ግድግዳ፣ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ደረጃ፣ የእሳት ምድጃ፤ በመስኮቱ ደግሞ ባሕር ይታያል። ለማርቆስ ብርድ ምድጃው እንኳ ይገባኛል። አቶ ደመላሽ ግን ምክንያታዊ ሰው ስለሆኑ "ባሕሩን ተይውና ሌላውን እንዳለ አድርጊልኝ" አሏት።

የዚያን ቀን እኛ ቤት ጉባኤ ተቀመጥን። እኔና ማርቲ በአንድ ድምፅ መከርናት፤ ያቺን ጥያቄ ለዚህ አንድ ሥራ ተያት አልናት። እማሆይ ዳዊታቸውን ይደግሙ ስለነበር ድምፅ አልሰጡም። ያለምዘውድ ብዙ ካሰበች በኋላ እሺ አለች። እሺታው ግን ስላልተዋጠላት ስልኳን አውጥታ ልጁን ራሱን ጠየቀችው፤ በዚህ ቤት ሰው ሲሞት ሣጥኑ በየት ይወጣል ብላ በአማርኛ ጻፈችለት። መልሱን ጮክ ብላ አነበበችልን። ልጁ በደረሰባት ኀዘን ልቡ እንደተነካ ገልጾ መጽናናትን ተመኝቶላታል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ስለ ግድግዳው ቀለም ጠይቋታል።

"ቢያንስ ልቅሶ ይደርሳል" አለችና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አቶ ደመላሽ ቤት አብሬያት ሄድኩ። ለምጽፈው ነገር ይሆነኛል ብያታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አፏን ልጠብቅላት ነው የሄድኩት። ግሩም አደረገች። የሥዕሉን ሶፋ አደነቀች፣ ማኅበሩን ጠየቀች፣ ምድጃውን የት እንደምታደርገው አሳየች። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወደዷት። አቶ ደመላሽም መቼ ትጀምሪያለሽ እስከማለት ደረሱ። ተሰናብተን ወጣን፤ የአጥሩ በር ላይ ደርሰን ባጃጅ እየጠራሁ ሳለ ዞር ብል የለችም። ተመልሳ ጠመዝማዛው ደረጃ ሊሠራበት የታሰበው ቦታ ላይ ሜትሯን ዘርግታ ቆማለች።

"አቶ ደመላሽ፣ እናትዎ ላይ ፎቅ ነው የሚተኙት ብለውኛል። የሞቱ ቀን በዚህ ደረጃ በየት በኩል ነው የሚወርዱት?"

አቶ ደመላሽ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። ገና ሳትገባ እናቴን ልታወጫት ነው ወይ አሉና በሩን በእጃቸው አሳዩን።

በባጃጁ ውስጥ ብዙ ተናገርኳት። ልማድ እንጀራ አይሆንም አልኳት፣ ሱቅሽን በምላስሽ ዘጋሽው አልኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ ሥዕሉንማ ልጁ ከእኔ ፈጥኖ ይሥላል፣ እሱ የማይጠይቀውን እኔም ካልጠየቅሁ ሰው ምን ብሎ ይቀጥረኛል አለች። እውነቷን ስለሆነ የበለጠ ተናደድኩ።

ከባጃጁ ወርዳ ቀጥታ እኛ ቤት ገባች። የሆነውን ለማርቲ እኔው ተረኩላት፤ ያለምዘውድ እማሆይ እግር ሥር ተቀምጣ ነበር። ሶፋውን አልነካችም፣ ቡፌውን አላየችም። ማርቲ ይህን ስታይ በጣም ደነገጠች። እናቴ ዳዊታቸውን ዘጉ።

"አንቺ ልጅ፣ የማርቆስን ሰው ሁሉ ጠይቀሽ ስታበቂ እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?"

ያለምዘውድ ቀና አላለችም። እኔም ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ቤታችን ውስጥ በእጇ ያልገለበጠችው ነገር የለም፤ ሜትሯን ይዛ እማሆይ በር ላይ የቆመችበት ቀን ግን የለም።

"አልቻልኩማ" አለች።

"እኔ እኮ ካሰብኩበት ቆይቷል" አሉ እናቴ። "ከዚህች ክፍል ስወጣ በሯ ጠባብ፣ ፊት ለፊቷ ግድግዳ። ሰማንያ ዘመን ቀጥ ብዬ ኖሬ በመጨረሻ ዘንበል እንዲያደርጉኝ አልፈልግም። ለልጄ እንዳልነግረው ያለቅሳል።"

አላለቀስኩም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ማርቲ ይህን ስለምታነበው ትቼዋለሁ። ያለምዘውድ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ሜትሯን አወጣች። ጫፉን እማሆይ ራሳቸው ያዙላት። ሁለቱ ስለ ቁመትና ስለ ስፋት ሲከራከሩ እኔ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ።

በሩ ተሠራ። ከእማሆይ ክፍል ቀጥታ ወደ ግቢው የሚያወጣ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ባለ ሁለት መዝጊያ። የእናቴ ማኅበርተኞች ሊያዩት መጡ። ያን ያህል መነኩሲትና ባልቴት ስለ በር ስፋት በደስታ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ለካ ሁሉም ሲያስቡበት ኖረዋል፤ የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው። እየተመለሱ ልጆቻቸውን ያቺን ሴት ጥሩልን አሏቸው። አብረዋቸው ከመጡት አንዷ ገና ከሉማሜ የገቡ ናቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ አቶ ደመላሽ በሐፍረት ሱቋ ድረስ መጥተው፣ እናቴ ሳልጠየቅ ፎቁ ላይ አልወጣም ብላለች አሏት።

ሱቁ እስካሁን ክፍት ነው። ልጁም ሥራ አልፈታም፤ አሁን የሚሠራው እሷ ዘንድ ነው። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይሥላል፣ ባሕር ሲጨምር ትቆጣዋለች። ስለ ሣጥኑ የጻፈችለትን ሁሉ አሁንም እያጽናና ይመልስላታል። ስንት ጊዜ እንዳስረዳችው ነግራኛለች፤ ኀዘኑ ግን አልወጣለትም።

እናቴ፣ ተመስገን፣ ዛሬም በሕይወት አሉ። ጠዋት ጠዋት ኪዳን ለማድረስ የሚወጡት በአዲሱ በር ነው። ሁለቱንም መዝጊያ ካልከፈትኩላቸው አይወጡም። የበሩ ደፍ ላይ ቆም ብለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዩና "ይበቃል" ይላሉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ።

ትናንት እኛ ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። ሊቀ ሳሎናት ዳቦዋን ይዛ ገባች፤ ሰላምታዋ ሳያልቅ ዓይኗ የተቀመጥኩበት ሶፋ ላይ አረፈ። አፏን ስትከፍት አየኋት። ሳትጠይቀኝ ተነሳሁላት።