የጋሽ አልሰማችሁም ኮራል

በሽተኛ ያለበት ቤት ሐኪም ላይደርስ ይችላል፤ መድኃኒት ነጋሪ ግን ቀርቶ አያውቅም። ገና «እግዜር ይማርሽ» ሳይል «አልሰማችሁም እንዴ?» እያለ ይገባል።

በዚህ ሙያ የእኛ ሰፈር ባለሥልጣን ሬዲዮ ጠጋኙ ክቡር ጋሽ አልሰማችሁም ናቸው። ወገቡን ለሚያመው ሾፌር ወደ ኋላ መራመድን አዘዙለት፤ ሰውየው ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላትሞ ትከሻውንም ታመመ። እንቅልፍ ላጣችው ባለሱቅ የተከተፈ ሽንኩርት ትራሷ ሥር እንድታደርግ ነገሯት። እሷስ ተኛች፤ ባሏ ግን ሳሎን ማደር ጀመረ። ሲወቀሱ «ከሰማሁት አልጨመርኩም» ይላሉ፤ ነገሩ በዚሁ ያበቃል።

ታላቅ እህቴ ካንሰር እንዳለባት ሲነገረን ግን በእሳቸው መሳቅ አቃተኝ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሐኪሟ በደም ሥሯ የሚሰጣት መድኃኒት፣ ኬሞው፣ እየሠራላት እንደሆነ፣ ብታቋርጠው ግን በሽታው እንደሚያገረሽ ነግራናለች። እህቴ ግን አንድ ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «በቃኝ፤ መድኃኒቱ ከበሽታው ባሰብኝ» አለች። ለመንኳት፣ አለቀስኩባት፤ ወይ ፍንክች።

በዚያው ቀን ክቡርነታቸው ስልካቸውን ከፍ አድርገው ገቡ።

«አልሰማችሁም እንዴ? ፀሐይ ደርሶበት ከማያውቅ ከባሕሩ ወለል ላይ የካንሰር መድኃኒት ተገኘ! ኮራል ይባላል። ዛፍ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። መሸሽ አይችል፣ መንከስ አይችል፤ ጠላቱን የሚመልሰው በመርዙ ነው። ካንሰሩንም የሚገድለው ያው መርዝ ነው አሉ!»

እህቴ ከትራሷ ቀና አለች። «የት ይገኛል?»

ደሜ ፈላ። ከሆስፒታሉ የምትቀርበት ምክንያት ሊጨምሩላት ነው። እጃቸውን ይዤ ወደ ደጅ አወጣኋቸው።

«ከሰማሁት አልጨመርኩም» አሉኝ።

«እንግዲያው ሐኪሟ ዘንድ እንሂድና ጨርሰው ይስሙት!»

በማግስቱ አሮጌ ኮታቸውን ለብሰው አብረውኝ መጡ። ሐኪሟ ፊት ከኪሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ጌጥ ዓሣ ከሚሸጥ ሰው የገዙት ደረቅ ኮራል ነበር።

«ፈጭቼ ልስጣት?»

«አደራ፣ እንዳይሞክሩት!» አለች ሐኪሟ ደንግጣ። ከዚያ ግን ወንበር ስባ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። ወሬው ውሸት አይደለም፤ ከጥልቅ ባሕር ኮራል የወጣ ንጥረ ነገር በላብራቶሪ ሳህን ላይ የካንሰር ሕዋሳትን ገድሏል። ከሳህን እስከ ሰው ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል። ይህም ቢሳካ አስር ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ስንመለስ እህቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ኮራሉን በመዳፋቸው ሲያገላብጡ ቆዩ።

«አልሰማሽም እንዴ?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «የኮራሉ ነገር ገና ነው አሉ። አስር ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። ቢመጣ ግን እዚህ እንድታገኚው እፈልጋለሁ። እስከዚያ የሚያቆይሽ ያ የምትጠዪው መድኃኒት ነው። ለእኔ ስትይ ጨርሺው፣ እህት ዓለም።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እህቴ ትክ ብላ አየቻቸው።

«እንደው ለአንድ ጊዜ እንኳ ጨርሰው ሰሙ» አለች። ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ «ማክሰኞ ሆስፒታል ማን ነው የሚያደርሰኝ?» አለችኝ።

ሕክምናውን ጨርሳለች። ሐኪሟ አሁንም በየጊዜው ታያታለች፤ የነገን አላውቅም። ኮራሉ እሳቸው በጠገኑላት ሬዲዮ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም እንዲያነሳው አትፈቅድም።

በየቀኑ የሚጠይቋት ሰው ትናንት ሳይመጡ መሸ። እህቴ በሩን በሩን ስታይ እኔም አላስችል አለኝና ሱቃቸው ድረስ ሄድኩ። የአንድ ሬዲዮ ሆድ ከፍተው አቀርቅረዋል።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ዛሬ ምንም አልሰሙም እንዴ?»